ፒዲኤፉን ማን አለው?

ባለፈው ወር በወጣቶች ጥናታችን ላይ መሪያችን አንድ መጽሐፍ ጠቅሶ «ብታነቡት ትጠቀማላችሁ» አለ። ቃሉን ገና ሳይጨርስ ከኋላ ወንበር «ፒዲኤፉን ማን አለው?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሦስት እጆች ወጡ። መሪያችንም «ጥናቱ ሲያልቅ ግሩፑ ላይ እለቅላችኋለሁ» አለና ለመዝጊያ ጸሎት ተነሣን።

ማንም አልደነገጠም። እኔም አልደነገጥኩም። ማታ ቤት ገብቼ ፋይሉን ስከፍተው ግን ነገሩ ከነከነኝ። መጽሐፉን አንድ ሰው ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶታል። በየገጹ ጥግ ወረቀቱን የያዘበት አውራ ጣት ይታያል። መቶ ስልሳ ምናምን ገጽ፣ መቶ ስልሳ ምናምን አውራ ጣት። ደራሲው በሕይወት ያለ፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። መጽሐፉም ሩቅ አገር አይደለም ያለው፤ ከጸሎት ቤታችን አሥር ደቂቃ በማያስኬድ መንገድ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ እኔ በማውቀው መደርደሪያ ላይ ገዢ ይጠብቃል።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። በማንም ላይ ከመቆጣቴ በፊት ግን በራሴ ተቆጥቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ልብ ወለድ እንዲሁ ፎቶ አንሥቼ ለሠላሳ ሰው የላክሁ እኔ ነኝ። ያን ዕለት ሰው የጠቀምኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር የተኛሁት።

ያ መደብር ስሙ እንኳ የመጻሕፍት መደብር አይባልም። በሩ ላይ «የጽሕፈት መሣሪያዎች» ተብሎ ነው የተጻፈው። ከፊት ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያና አንድ የሚያቃስት የፎቶ ኮፒ ማሽን አለ። ከማሽኑ ጀርባ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው። ባለቤቱን ጋሼ እንላቸዋለን። ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ብትቆሙ አይቆጡም፤ ቆማችሁ ሃያ ገጽ ብታነቡም አይቆጡም፤ መጽሐፉን እንደ ዳቦ ለሁለት ገምሳችሁ ከከፈታችሁት ግን ያኔ ይቆጣሉ።

እዚያ ቤት የሚገኘውን ደስታ በስልክ አግኝቼው አላውቅም። ስልክ ላይ ፈልጌ የማገኘው አስቀድሜ ስሙን የሰማሁትን ነው። እዚያ ግን አንድ መጽሐፍ ልገዛ ገብቼ፣ ሌላ ይዤ እወጣለሁ። ጋሼ ከማሽኑ ጀርባ ሆነው «እሱን ተወው፤ ያንተ ዕድሜ ላይ እኔን ያስለቀሰኝ ይኸኛው ነው» ይላሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ «እህ፣ ምን አልክ?» ይጠይቁኛል፤ ማንበቤን ይመረምራሉ እንጂ ሸጠው አይረሱም። አንድ ቅዳሜ የገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ገበሬ ለልጁ ደብተር ሲገዛ፣ አንድ የቆሎ ተማሪ የዳዊት ዋጋ ሲጠይቅ፣ እኔ ደግሞ ከአንዲት የማላውቃት የኮሌጅ ተማሪ ጋር ስለ አንድ ልብ ወለድ አጨራረስ ስንከራከር፣ አራታችንም በዚያች ጠባብ ቤት ተገናኝተን ነበር። በዚህች ከተማ እኛን አራታችንን አንድ ላይ የሚያስቆም ሌላ ቤት የት እንዳለ ንገሩኝ።

አሁን ታዲያ ጋሼ የታችኞቹን ሁለት መደርደሪያዎች ሊያነሡ ነው። የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ሊያስገቡባቸው ነው። «ደብተር የሚሸጠው መስከረምና ጥቅምት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ኪራዩን የሚከፍልልኝ መጽሐፉ አይደለም» አሉኝ። ሲናገሩ አላማረሩም፤ ይበልጥ ያሳፈረኝም ይህ ነው።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁና አልተርከውም። ነገር ግን በእነዚያ ወራት የቴሌግራም ግሩፓችን ሞቶ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ፒዲኤፍ አለኝ ይል የነበረው ወንድማችንም ሀብቱ ሁሉ ቻናል ላይ እንጂ ስልኩ ላይ እንዳልነበረ ያወቀው ያኔ ነው። መንገዱ በሚዘጋበት ጊዜ ከአባይ ማዶ ጭነት አይመጣም ነበር፤ የጋሼ መደርደሪያ ግን አዲስ መጽሐፍ ባይገባበትም ያለው ነበረው። በአንድ ቀን በትንሽ ብር እያከራዩ፣ ብር ለሌለውም በስሙ ደብተር ላይ እየጻፉ አስነብበውናል። በዚያ ክረምት ስንቶቻችን ከፍርሃትና ከሥራ መፍታት ያረፍነው በእሳቸው መጽሐፍ ነው! ኢንተርኔቱ ሲመለስ ግን የመጀመሪያ ሥራችን ምን ሆነ? «ፒዲኤፉን ማን አለው?»

«ወንድሜ፣ አንተ ገንዘብ አለህ፤ እኛ የለንም» የሚለኝ አይጠፋም። ይህን በቀላሉ አላልፈውም፤ እውነት ነውና። ወረቀት ከውጭ ይገባል፤ ምንዛሪ ሲወደድ መጽሐፉም ይወደዳል፤ ለአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የአንድ መጽሐፍ ዋጋ የሳምንት ወጪው ነው። ግን እስቲ ባለፈው ኮንፈረንስ ያሳተምነውን ቲሸርት እናስታውስ። ሁላችንም ገዝተናል፤ ያልገዛ አልነበረም። የአንዱ ቲሸርት ዋጋ ከአንድ ደህና መጽሐፍ ዋጋ የሚርቅ አልነበረም። ከሁለት እጥበት በኋላ ጽሑፉ ተላጠ፤ የእኔ አሁን የወለል መወልወያ ሆኗል። ለቲሸርቱ ብር ያገኘን ሰዎች ለመጽሐፍ ስንባል ድሆች መሆናችን ከኪስ አይደለም፤ መጽሐፍ በነፃ የሚገኝ ነገር ነው ብለን ስለወሰንን ነው።

ደግሞም እቁብ የማያውቅ ጎጃሜ አለ እንዴ? አሥር ሆነን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ብናዋጣ በየወሩ ሁለት ሦስት መጽሐፍ ይገዛል፤ በዕጣ እየተቀባበልን እናነበዋለን። በዓመቱ መጨረሻ የኅብረቱ ቢሮ ውስጥ ያለው፣ አሁን የማይክራፎን ሽቦና የተሰበረ ጊታር የተከማቸበት ቁም ሣጥን ሠላሳ መጽሐፍ ይኖረዋል። አንዱን የተገዛ መጽሐፍ አሥር ሰው ተዋውሶ ቢያነበው ማንም አልተሰረቀም። አንዱን ቅጂ ሦስት ሺህ አድርጎ መበተን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሕጉንም እናንሣው፤ በ1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የእኛው አገር ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው፤ የተማሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሁሉ ሥራ ፈትቶ ያደምጥ ነበር። ሐዲስ ያረፉት በ1996 ነው። 50 ዓመቱን ደምሩበት። በኩራት «የጎጃም ልጅ» እያልን ስማቸውን እናነሣለን፣ ሐውልትና ተቋም እንዲሰየምላቸው እንወዳለን፤ መጽሐፋቸውን ግን ከቻናል ቻናል በነፃ እንጎትታለን። የሰብለ ወንጌልን ዕጣ እያነበብን በስርቆት ቅጂ ላይ ማልቀስ ምን ዓይነት ልቅሶ ነው?

ሌላውን የጎጃም ልጅ አቤ ጉበኛንም አስቡ። በብዕሩ ብቻ ለመኖር ከደፈሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። «አልወለድም»ን በ1955 ሲያሳትም የዘመኑ መንግሥት አገደው። አንድ ሰው ደመወዝ ሳይኖረው፣ ባለሥልጣን ተቆጥቶበት፣ እንደገና ሌላ መጽሐፍ የሚጽፈው በምን ጉልበት ነው? የመንፈስ ጥንካሬ ይኑረው፤ እንጀራውን ግን የሰጠው ከመደብርና ከአዟሪ እጅ በሳንቲም የገዛው አንባቢ ነው። ዛሬ አንድ አቤ ጉበኛ በቡሬ ወይም በደጀን ቢነሣ መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ አውራ ጣታችንን አሳርፈን ፎቶ እናነሣዋለን። ሁለተኛውን መጽሐፍ እንጠብቅ ይሆን?

ከመካከላችን መንፈሳዊ መልስ የሚሰጡም አሉ። «ወንጌል በነፃ ነው፤ መንፈሳዊ መጽሐፍም በነፃ መዳረስ አለበት» ይላሉ። እነዚህን ወንድሞች አንድ የጎጃም ሰው ላስተዋውቃቸው።

አቡ ሩሚ ይባላል፤ አባ አብርሃምም ይሉታል። በ1750 ገደማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጎጃም ተወለደ፤ ከዚህ ወጥቶ እስከ ሕንድ የተጓዘ ሰው ነው። ካይሮ ላይ አሰለን የሚባል የፈረንሳይ ቆንስል አገኘውና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ እንዲተረጉም አሠራው። አሥር ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ቆንስሉ ለሌላ እንግዳ በሩን ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋር ቁጥር በቁጥር እያነበቡ ሠሩ። የተጠናቀቀው የእጅ ጽሑፍ 9,539 ገጽ ነበረው። አቡ ሩሚ በ1819 ካይሮ ላይ በወረርሽኝ ሞተ። በዓመቱ የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ያንን ጽሑፍ በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ገዛው! ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተሙ። አያቶቻችን በቋንቋቸው ያነበቡት መጽሐፍ ከጎጃሜው ብዕር እስከ እጃቸው ድረስ ሲመጣ በየደረጃው አንድ ሰው ኪሱን ከፍቷል። በነፃ የምትቀበሉት ትራክት ሁሉ ሌላ ሰው የከፈለበት ነው። ለድሃ ገዝቶ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ከሰው ወስዶ «በነፃ ነው» ብሎ መስጠት ሌላ ነው።

ስለ መጽሐፍ ብዙ አልኩ። ወደ ፊልም ስመጣ ደግሞ ከታላላቆቻችን ጋር መጣላቴ አይቀርም።

በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ፊልም ማሳያ ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። ሰው በግድግዳ ላይ ሲሄድ ያየ ያን ቢል አይፈረድበትም። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላም ግን በአንዳንድ ጸሎት ቤቶች ይኸው ስም አልወለቀም። እኔ ልጅ ሳለሁ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በከተማው እየዞረ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ፊልም በአዳራሽ እንደሚታይ ሲለፍፍ አጎቴ ደብቆ ወሰደኝ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ዋናው ተዋናይ ከበሩ ጀርባ የተደበቀውን ሌባ ሳያይ ሲገባ፣ ከፊታችን የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ እናት ብድግ ብለው «ልጄ፣ ከኋላህ!» ብለው ጮሁ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ደግሞ ሁላችንም አብረን አለቀስን። ስንወጣ የማይተዋወቁ ሰዎች እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ስለ ፊልሙ እየተከራከሩ ሄዱ። አጎቴ ግን በሚቀጥለው እሑድ በሽማግሌዎች ፊት ተጠርቶ ተገሠጸ።

የገሠጹት ሽማግሌዎች ራሳቸው፣ ጄኔሬተርና ፕሮጀክተር በመኪና ጭነው፣ ነጭ አንሶላ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ወጥረው «የኢየሱስ ፊልም»ን በየገጠሩ ያሳዩ ነበር። በጨለማ ውስጥ ብዙ ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ አንድ ታሪክ ማየት ልብን እንደሚነካ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ጌታችንስ ሲያስተምር ስለ ጠፋው ልጅ የተናገረው ታሪክ ምን ነበር? የልጁን ስም፣ የአባቱን መንደር ማን ይነግረናል? ጠቃሚ ታሪክ ለመናገር ሁልጊዜ የሆነ ነገር መናገር አያስፈልግም፤ ይህን ከእሱ የተሻለ ማንም አላስተማረም። መጥፎ ፊልም አለ፤ እኔም ስንቱን ተነሥቼ ወጥቻለሁ። ግን መጥፎ ስብከት ስላለ ስብከት ይቅር አላልንም።

አሁን በከተማችን የድሮዎቹ ቪዲዮ ቤቶች የኳስ ማሳያ ሆነዋል። እኛም ፊልም የምናየው እያንዳንዳችን በየአልጋችን፣ ጆሮ ማዳመጫ ሰክተን፣ በመዳፍ በምታክል መስታወት ነው። አዳራሽ ውስጥ ከሰው ጋር ማየትን ኃጢአት ያሉን ሰዎች፣ ብቻችንን በብርድ ልብስ ሥር የምናየውን የሚያውቁት ነገር የለም። የትኛው ያስፈራል?

እዚህ ላይ የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ያደረገውን ልንገራችሁ፤ አሜሪካ ውስጥ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛም ይሆናል። ስለ ባሪያ ንግድ የሚናገረውን «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልሙን በ1993 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበልም አሉት። እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ታዲያ ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ አሳዩት። ሰው ወረፋ ይዞ ትኬት ገዛ፤ ወሬው ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ። ከዚያ ባገኙት ገንዘብ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ቤት ገዝተው የመጽሐፍና የፊልም መደብር ከፈቱ፤ ሳንኮፋ ይባላል፤ ቡናም ይጠጣበታል። በዚያው ሰው ጽሑፍ ያነባል፣ ፊልም ያያል፣ ይከራከራል። ኃይሌ በ2008 «ጤዛ»ን ይዞ ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ሲቀበል ከኋላው የነበረው ትልቅ ኩባንያ አልነበረም። ትኬት የገዛ ተራ ሰው ነበረበት። መንግሥት ወይም ባለሀብት እስኪመጣ ቢጠብቁ ኖሮ ያቺ መደብር ዛሬ አትኖርም ነበር።

እኛ ደግሞ አዳራሽ አለን፣ ፕሮጀክተር አለን፣ ድምፅ ማጉያ አለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው። ግን ባለፈው ዓመት በኮንፈረንሱ ሌሊት ያየነው ፊልም ከየት የመጣ ነበር? ጥያቄውን የጠየቀ አልነበረም። በስክሪኑ ጥግ የሌላ ጣቢያ ምልክት፣ ከታች ደግሞ የውርርድ ማስታወቂያ እየተንሸራተተ ነበር፤ እኛም ፊልሙ ስለ ታማኝነት ነው ብለን አጨበጨብን። ባለፊልሙን ስልክ ደውሎ «ለአንድ ምሽት ስንት ትጠይቁናላችሁ?» ማለት የማይቻል ነገር ነበር? አንዳንዱ ያለ ክፍያ ይፈቅድ ይሆናል፤ አንዳንዱ መጥቶ ከእኛ ጋር ይወያይ ይሆናል። ፊልሙን ባለቤቱ ራሱ በዩቲዩብ ከለቀቀውማ ማንም አይከለክላችሁ፤ እዩት። ያልለቀቀውን ግን ለቀቅነው አትበሉ።

አንዳንዶች «እኛ ጥቂቶች ነን፤ በዚህ ከተማ የእኛ መግዛት ምን ይለውጣል?» ይሉኛል። ጋሼን ጠይቄያቸዋለሁ። ከአንድ ርዕስ በወር አራት ቅጂ ከተሸጠ በድጋሚ ያዝዛሉ፤ አንድ ከተሸጠ አያዝዙም። በወጣቶች ኅብረታችን ስም ዝርዝር ላይ ደግሞ ከስልሳ በላይ ሰው አለ።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ያንን መጽሐፍ ገዛሁት። በስልኬ ያለውን ፋይልም አጠፋሁት፤ አውራ ጣቱ እንደሆነ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ግሩፓችን ላይ «መጽሐፉ እዚህ ከተማ አለ፤ ስድስት ቅጂ ቀርቷል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሰው የሚስቅ ፊት ላኩ። አንድ ወንድም «አንተ አከፋፋይ ሆንክ እንዴ?» አለኝ። ለረጅም ጊዜ ሌላ መልስ አልመጣም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግን አንዲት እህት፣ በጥናት ላይ ተናግራ የማታውቅ፣ «ቅዳሜ ክፍት ናቸው?» ብላ ጻፈች።

ክፍት ናቸው፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት።